ሕዝቡ በደኑ ውስጥ ያድር ዘንድ ቦታ ይሰየምለት

ግልጽ ደብዳቤ

በሲዳማ ክልል የቱሪዝምንና የደንን ጉዳይ ለያዙ ቢሮዎች፤
በኦሮሚያ ክልል የደንንና የዱር እንስሳትን ጉዳይ ለያዙ መሥሪያ ቤቶች፤
ለወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ፤
እንዲሁም ለሐዋሳ ከተማ ሕዝብ

ጉዳዩ፦ ከሐዋሳ በስተምሥራቅ፣ በስተሰሜን ምሥራቅና በስተደቡብ ምሥራቅ ባሉት ደኖች ውስጥ፥ ግንብ የማይሠራባቸውና አንዱ ከአንዱ የተራራቁ የድንኳን ማደሪያ ቦታዎች እንዲሰየሙ ስለ መጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ታሽጎ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ከማድረግ ይልቅ በአደባባይ እንዲነበብ የመረጥሁት፥ የምጠይቀው ነገር የከተማውን ሕዝብ ሁሉ፥ ከከተማውም ሕዝብ በፊት ደኑን ተጠግተው የሚኖሩትን የገጠር ቤተሰቦች የሚነካ ስለ ሆነ ነው። ልመናዬም በአጭር ቃል ይህ ነው፦ ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ወንዶ ገነት፥ ወደ ሙኔሳና ሻሸመኔ ደን፥ ከዚያም አልፎ በኮፈሌ በኩል ወደ ዶዶላ፣ አዳባና ባሌ በሚዘልቀው የደጋ መስመር ውስጥ፥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ያልደረሰባቸው፥ የኤሌክትሪክ መብራት የማይገባባቸው ጥቂት የድንኳን ማደሪያ ቦታዎች ተመርጠው፥ ስማቸው ተጽፎ፥ ሥርዓታቸው ተደንግጎ ለሕዝብ ይገለጹ።

በዚህች በሐይቅ ዳር በተቆረቆረች ከተማ የሚኖር ሰው ማለዳ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ በመለሰ ጊዜ የወንዶ ገነትን ተራሮች ያያል፤ ልጆቹም ስለ ደን ጥቅም በትምህርት ቤት ተምረው ፈተና ያልፋሉ፤ ነገር ግን ያ ሰው ልጆቹን ይዞ አንድ ሌሊት በዚያ ደን ውስጥ፥ ማንንም ሳይጎዳና በማንም ሳይጎዳ ሊያድር ቢወድ፥ ፈቃድ ከማን እንደሚጠይቅ፥ ድንኳኑን በየትኛው ስፍራ እንደሚተክል፥ ለማንስ ምን እንደሚከፍል የሚነግረው ግልጽ መመሪያ በእጁ አይገባም። እኔ ራሴ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደ ተባለ ጽሕፈት ቤት ሄጄ በጠየቅሁ ጊዜ ወደ ሌላው ተመራሁ፤ ሌላውም ወደ ወረዳ፥ ወረዳውም ወደ ቀበሌ መራኝ፤ በመጨረሻም አንድ ቅን ሠራተኛ «ሆቴል ሞልቶ ሳለ ስለ ምን በዱር ያድራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከልብ የወጣ ነበርና፥ የሚገባውን መልስ በዚህ ደብዳቤ ለመስጠት እሞክራለሁ።

ደንን በቀን ጎብኝቶ ሳይመሽ የሚመለስ ሰው የዛፍ ብዛት አይቶ ይመለሳል፤ የደኑ ሕይወት ግን አብዛኛው የሚገለጠው እርሱ መኪናውን አስነሥቶ ከሄደ በኋላ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ጉብታ ያለበት ትልቁ ጥቁር ወፍ፥ የክንፉ ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ ወደ ማደሪያው ዛፍ ይመለሳል፤ ሲጨልም ጅቡ ከሸለቆው ይጮኻል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ዝናብ ሳይኖር በድንኳኑ ሸራ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ይሰማል፤ ይህም የዝግባው ቅጠል ከጉም የለቀመው ርጥበት ነው። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ አንድ አውራ ጉሬዛ ከዛፉ ጫፍ ሆኖ በጎርናና ድምፁ ይጀምራል፤ ከማዶ ያለው መንጋ ይመልስለታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውም ይቀበላል፤ እንዲህም እየተቀባበሉ ድምፁ ሸለቆውን ሁሉ ይዞረዋል። ይህን አንድ ጊዜ በጆሮው የሰማ ልጅ፥ ደኑ ከአባቶቹ የተቀበለው፥ ለልጆቹም የሚያወርሰው ርስት መሆኑን ማንም ሳይሰብከው ይረዳል። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደ ተባለው፥ ያላደሩበትም ደን ሲቆረጥ አያስለቅስም።

ይህም ለሐዋሳ ሰው የስሜት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይነጥፍ የሚገባለትም ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ የጥቁር ውሃም ጅረቶች የሚወርዱት ከእነዚሁ ከምሥራቅ ተራሮች ነው። ተራሮቹ ልብሳቸውን በተገፈፉ ጊዜ አፈሩ ከጎርፍ ጋር ወርዶ በቆላው ተኝቷል፤ ቀድሞ ሐይቅ ይባል የነበረው ጨለለቃም በደለል ተሞልቶ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። እንግዲህ በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበላውና በአሞራ ገደል ጥላ ሥር የሚያርፈው የከተማ ሰው ሁሉ፥ ቢያውቀውም ባያውቀውም፥ የዚያ ደን ባለ ዕዳ ነው፤ ባለ ዕዳ ደግሞ ባለ ውለታውን በዐይኑ ሊያየውና በስሙ ሊያውቀው ይገባል።

በአበው ብሂል «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ጎብኚ የማይደርስበት፥ የሚጠይቀው የሌለ ደን ለከሰል አክሳዩና ለመጋዝ ተሸካሚው ባለቤት የሌለው መስሎ ይታየዋል። ዛፍ የሚጣለውም ከሰል የሚከሰለውም አብዛኛውን ጊዜ በስውር ነውና፥ በደኑ ውስጥ በየሳምንቱ ፍጻሜ ሕጋዊ እንግዳና እንግዳውን የሚመራ የአካባቢው ሰው ካለ፥ ዘበኛ ሳይጨመር የጥበቃ ዐይን ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ የማደሪያ ቦታ መሰየም ደኑን ለጥፋት መክፈት ነው ለሚሉት ሁሉ፥ ደኑ ዛሬም ለጥፋተኛው ክፍት መሆኑን፥ የተዘጋውም ለቅን ወዳጁ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

በዛፍ ሥር ማደርም ከፈረንጅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። አብርሃም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለው በመምሬ ዛፍ ሥር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ ያዕቆብም ድንጋይ ተንተርሶ በሜዳ ባደረ ጊዜ ነው መሰላሉን ያየው። ባሕታውያን አባቶቻችን ለጽሞናና ለተመስጦ ዱሩን መርጠዋል፤ በሰሜኑ አገራችን እርሻው የአገሩን ልብስ ሁሉ ገፍፎ ሲጨርስ፥ ጥንታውያኑ ዕፅዋት ከነአዕዋፋቸው የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ተራራ እንዳስተከሉም በትውፊት ይነገራል። ነገሥታቱ ራሳቸው፥ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር መቀመጫቸውን እስኪያጸኑ ድረስ፥ ለብዙ ዘመን መንግሥታቸውን የሚያስተዳድሩት በአብዛኛው ከድንኳን ወደ ድንኳን እየተዘዋወሩ ነበር።

ሆኖም ያው ታሪክ ተግሣጽም አለበት። የነገሥታቱ ሰፈር በብዙ ሺህ ሰውና ከብት የተሞላ ነበርና፥ ያረፈበትን አገር እንጨት አቃጥሎ ይጨርስ፥ ከዚያም ወደ ሌላ ይሄድ ነበር፤ አዲስ አበባም በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ውስጥ ማገዶ አጥታ፥ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እንደ ነበር፥ በኋላም ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን በስፍራዋ እንዳቆያት ይታወቃል። ስለዚህ መጠን የሌለው ሰፈር ደንን ይበላል፤ እኔም የምለምነው መጠን ያለውን ነው። ትልቅ ካምፕ አልጠይቅም፤ የሎጅ ግንባታም አልጠይቅም፤ ለሎጅ ባለ ሀብት አይጠፋም፤ ለድንኳን ግን የሚከራከርለት የለም።

የሲዳማ ሕዝብ በዚህ ነገር ለሌላው አስተማሪ የሚሆን ሥርዓት አለው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የተጻፈው የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሲከበር፥ የጎሣ መሪዎች ለሕዝቡ ከሚሰጡት ምክር አንዱ አገር በቀል ዛፍን እንዳይቆርጥ ነው፤ ይህም ከስርቆትና ከሐሰት ምስክርነት ጋር ተቆጥሮ የሚነገር ምክር ነው። ዛፍ መቁረጥን ከሐሰት ምስክርነት እኩል ነውር አድርጎ የሚያይ ሕዝብ ባለበት ክልል፥ የደን እንግድነትን ሥርዓት ማቆም ይከብዳል ብዬ አላምንም። ጎረቤታችን የጌዴኦ ሕዝብም ቡናና እንሰትን ከታላላቅ ዛፎች ጋር አስማምቶ ያቆየው መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በገዛ አገራችንም የሚታይ ምሳሌ አለ። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፥ ይከፍላል፥ መሪና ስካውት የተባለ ጠባቂ ይይዛል፥ ከዚያም ሳንቃበር ወይም ጨነቅ በተባሉት ስፍራዎች ድንኳኑን ይተክላል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዲንሾ፥ ደግሞም ከሳነቴ አምባ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ከሪራ መንደር አጠገብ ካቻ በተባለው ሜዳ የማደሪያ ቦታ አለው፤ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ብርዳማ አምባ ተነሥቶ በአስታው መካከል አልፎ ወደ ሐረና ደን የወረደ መንገደኛ፥ በአረንጓዴ የዛፍ ሽበት የተሸፈኑትን የኮሶ ዛፎች ዐይቶ በዚያ ሲያድር፥ በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላው የተሻገረ ይመስለዋል።

ከእነዚህ ይልቅ ግን ለጉዳያችን የሚቀርበው የአዳባና የዶዶላ ምሳሌ ነው። በዚያ ስፍራ፥ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ርዳታ በተጀመረ ሥራ፥ የደኑ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን በውል ተረክበዋል፤ ለአንድ ማኅበር የሚፈቀዱት አባወራዎች ከ30 የማይበልጡ ነበሩ፤ ልኩም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 12 ሄክታር ያህል ደን እንዲደርስ ሆኖ የተቆረጠ ነበር። ከዚሁ ጋር እንግዳ በፈረስ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተሻገረ በደን ውስጥ የሚያድርበት መስመር ተዘረጋ፤ ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ ሞሎልቾ፣ ዱሮ የተባሉት ማደሪያዎችም በተጓዦች ዘንድ ታወቁ። ፈረሱ የገበሬው፥ መሪው የገበሬው ልጅ፥ ማደሪያውን የሚጠብቀውም ጎረቤቱ ነበርና፥ የቆመ ዛፍ ከወደቀ ዛፍ ይልቅ ገንዘብ እንደሚያመጣ ሰዎቹ በእጃቸው ቆጥረው አዩት። ይህ የተደረገው ከሐዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ነው።

የውጭውንም ዓለም ብናይ ሁለት ዓይነት ሥርዓት እናገኛለን። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ግዛት፥ አዲሮንዳክ የተባለ ሰፊ የተራራ ደን አለ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1892 በፓርክነት ተከልሎ፥ በ1894 ደግሞ የመንግሥት የሆነው ደን ለዘለዓለም ዱር ሆኖ እንዲኖር በግዛቱ ሕገ መንግሥት ተጻፈለት። በዚያ ደን መንገደኛው ድንኳኑን የሚተክልበትን ስፍራ ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ሕጉ የሚለው ከመንገድ፥ ከእግር ዱካና ከውሃ 150 ጫማ፥ ማለት 45 ሜትር ያህል እንዲርቅ ነው፤ ወደ ውሃው ሊቀርብ የሚችለው ቢጫ ምልክት በዛፍ ላይ ተለጥፎ «በዚህ ስፈሩ» በተባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ በአንድ ስፍራ ከሦስት ሌሊት በላይ ሊቆይ የሚወድ ደግሞ ከደን ጠባቂው ፈቃድ ይቀበላል። በስዊድን ደግሞ ማንኛውም ሰው በሌላው ሰው መሬት ላይ ሳይቀር፥ ቤትና አዝመራ ሳይነካ፥ ለአንድ ሌሊት ያህል እንዲያድር የሚፈቅድ ጥንታዊ ልማድ አለ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994ም በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ተጠቅሷል። የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት በ1970 ዓ.ም. ሲመሠረት የረዳችው ያችው ስዊድን ናት፤ የደንን ዕውቀት ከእርስዋ ተቀብለናል፤ ሕዝብን ከደን ጋር የማወዳጀቱን ጥበብ ግን ገና አልተቀበልንም።

እኔ ከሁለቱ አንዱ እንዳለ ይገልበጥ አልልም። የሲዳማና የምዕራብ አርሲ ደጋ ሕዝብ የሞላበት አገር ነው፤ ባዶ የመሰለው ሜዳ የአንድ መንደር የግጦሽ መሬት ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ምንጭ የእናቶች የውሃ መቅጃ ነው፤ ስለዚህ «በወደድህበት እደር» የሚለው ሥርዓት ለእኛ አይሆንም። ለእኛ የሚስማማው መካከለኛው መንገድ ነው፦ ቦታዎቹ አስቀድመው ይመረጡ፥ ትንንሽ ይሁኑ፥ ተራርቀው ይቀመጡ፥ በአንድ ወገን ሕዝብ እንዳይበዛ በተራ ይከፈቱ፥ በተራም ይረፉ።

አመራረጡም ዕውቀት ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። የደን መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን በደኑ ያደገ እረኛ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በሸለቆ ወገብ እንጂ በሸለቆው ግርጌ አይታደርም፥ ግርጌው ሌሊት ብርዱን ያጠራቅማልና፥ ጎርፍም አይታመንምና፤ ከምንጭ በላይ አይታደርም፥ እድፉ ወርዶ ወደ ጀሪካን ይገባልና፤ ድንኳን ከመተከሉ በፊት ቀና ብሎ ማየት ይገባል፥ የደረቀ ቅርንጫፍ ያንጠለጠለ አሮጌ ዛፍ ነፋስ ሳይነካው ሊጥለው ይችላልና። የአውሬ መሄጃም ይለያል፤ ሣሩ በስሱ ተከፍሎ፥ ከታች አፈሩ በኮቴ ተጠቅጥቆ፥ አልፎ አልፎ የድኩላ በጠጥ የተበተነበት ቀጭን መስመር ከሆነ፥ ያ መንገድ ባለቤት አለውና ድንኳን አይቆምበትም። ይልቁንም እኔ የማመለክተው ቦታ ቀድሞ ከሰል የተከሰለበትን ክብ ምልክት ነው፤ አፈሩ እስከ ዛሬ ጠቁሮ ፈርን የበቀለበት፥ ዙሪያው ተመንጥሮ የቀረ እንዲህ ያለ ስፍራ በደናችን ዳርቻ አይጠፋም፤ አዲስ ቁስል ከመክፈት ይልቅ የቆየውን ጠባሳ ለበጎ ግብር ማዋል ይሻላልና፥ ጥፋት የተሠራበት ክብ የእንግዳ ማደሪያ ቢሆን ፍትሐዊ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው እሳት ነው፤ ይህንም አቃልዬ አላልፈውም። በ1992 ዓ.ም. የበጋ ወራት በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣውን ቃጠሎ የሚያስታውስ፥ በ2011 ዓ.ም. የስሜንን ፓርክ የበላውንና ለማጥፋቱ ከውጭ አገር ባለሙያና ሄሊኮፕተር እስከ ማስመጣት ያደረሰንን እሳት ያየ ሰው፥ በደን ውስጥ ግድ የለሽ ጭስ ሊታገሥ አይችልም። ስለዚህ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ወራት በማናቸውም ማደሪያ ማገዶ ማንደድ ፈጽሞ ይከልከል፤ ቡናም ቢፈላ፥ ወጥም ቢሠራ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ይሁን። በሌላውም ወራት እሳት የሚነደው በድንጋይ በተከበበ አንድ ምድጃ ብቻ ሆኖ፥ ማገዶውም ከደኑ የተለቀመ ሳይሆን የአካባቢው ገበሬ ከባሕር ዛፉ ቆርጦ የሸጠው ይሁን። እንግዳው ያመጣውን ፕላስቲክና ጠርሙስ ሁሉ መልሶ ይውሰድ፤ ለመጸዳጃውም ከውሃ ርቆ አንድ ስንዝር ያህል ይቆፍርና በአፈር ይመልሰው።

ስለ ጸጥታም የሚነሣው ሥጋት እውነተኛ ነው። በአንዳንድ ወረዳዎች ሰው በሌሊት መንገድ የማይወጣበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚስትና የልጅ አደራ ያለበትን ሰው «ግድየለህም፥ ሂድ» ማለት አይገባም። መልሱ ግን ነገሩን ሁሉ ዘግቶ መቀመጥ ሊሆን አይገባውም፤ የአገር ሽማግሌዎችና የወረዳው ጸጥታ ኃላፊ በአንድነት ያላጸደቁት ቦታ ከዝርዝሩ አይግባ፤ የገባውም ሁኔታው በተለወጠ ጊዜ ወዲያው ይዘጋ፤ ሕዝቡም ክፍቱንና ዝጉን የሚያውቅበት አንድ የስልክ ቁጥር ይኑር። የዛሬው ዝምታ ሰውን ከአደጋ አያድነውም፤ ወጣቶቻችን መመሪያ ባያገኙም መሄዳቸውን አልተዉምና፥ ማንም ሳያውቅ ሄዶ ከማደር ማን የት እንዳለ ታውቆ ማደር ይሻላል።

ሌላው ዕንቅፋት የወሰን ጉዳይ ነው። የወንዶ ገነት ደን አንድ ወገኑ በሲዳማ፥ አንድ ወገኑ በኦሮሚያ ነው፤ ጉሬዛው ወሰኑን አያውቅም፥ ውሃውም ሳይጠይቅ ይሻገራል፤ እንግዳው ግን በአንዱ ወገን የተቀበለው ፈቃድ በሌላው ወገን ዋጋ ካጣ መንገዱ በመካከል ይቆረጥበታል። ሁለቱ ክልሎች በብዙ ከባድ ነገር መነጋገር ያለባቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ምናልባትም እንዲህ ባለ ቀላልና ለሁለቱም በሚበጅ ነገር መጀመር ለከባዱ መንገድ ይጠርግ ይሆናል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብን ደንና የማኅበራትን ይዞታ በግልጽ የሚያውቅ ስለ ሆነ፥ በደኑ ጫፍ የሚኖሩ ቤተሰቦች ተደራጅተው ማደሪያውን እንዲጠብቁ፥ ከእንግዳውም የሚገባውን ዋጋ እንዲቀበሉ ማድረግ ከሕጉ መንፈስ ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም።

እንግዲህ ዝርዝር ልመናዬ ይህ ነው።

አንደኛ፥ የወንዶ ገነት ኮሌጅ መምህራንና ተማሪዎች ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ሆነው፥ በወንዶ ገነት ተራራ፥ በሙኔሳና ሻሸመኔ ደን፥ እንዲሁም በሲዳማ ደጋ ከአርቤጎና እስከ ሁላ ባለው የቀርከሃ አገርና በጋራምባ ተራራ ዙሪያ ለማደሪያ የሚሆኑ ስፍራዎችን በእግራቸው ዞረው ይምረጡ፤ ለእያንዳንዱም ስፍራ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ፥ በየትኛው ወራት እንደሚያስኬድ፥ ስንት ድንኳን እንደሚችል በአንድ ወረቀት ይጻፉ። በአንድ ቦታ ከአምስት ድንኳን፥ በአንድ ጉዞም ከሁለት ሌሊት እንዳይበልጥ እኔ በበኩሌ እመክራለሁ።

ሁለተኛ፥ በሐዋሳ ከተማ አንድ መስኮት ይከፈት፤ ፈቃዱም፥ ክፍያውም፥ መሪ የማግኘቱም ነገር በዚያ በአንድ መስኮት ይለቅ። ክፍያው ለተማሪና ለአነስተኛ ደመወዝተኛ የማይከብድ ይሁን፤ በዶላር የተተመነ ዋጋ ለአገሬው ሰው በር መዝጊያ ነውና።

ሦስተኛ፥ ከሚገኘው ገንዘብ ትልቁ እጅ በቀጥታ ለደኑ ጠባቂ ቤተሰቦች ይድረስ፤ እንግዳውም ስንቁን ሁሉ ከከተማ ጭኖ ከመሄድ ይልቅ ወተቱን፥ ማሩን፥ ቆጮውን፥ ቡናውን ከእነርሱ እንዲገዛ ይመከር።

አራተኛ፥ በእነዚህ ማደሪያዎች ላይ ዛሬም ነገም ግንብ እንዳይሠራ፥ አስፋልት እንዳይገባ፥ ቦታውም ለሎጅ እንዳይሰጥ በጽሑፍ ይወሰን። መልካም ስፍራ በታወቀ ማግስት የሚታጠርበት ልማድ ስላለ፥ ይህ ቃል ካልተጻፈ የቀሩት አራቱ ልመናዎች ቢፈጸሙ እንኳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከንቱ ይሆናሉ።

አምስተኛ፥ በከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበባትን በእነዚህ ቦታዎች በዓመት አንድ ሌሊት እንዲያሳድሩ ይፈቀድ፤ በየክረምቱ ችግኝ የሚተክል ልጅ፥ ያ ችግኝ ወደ ምን እንደሚያድግ ሳያይ ቢቀር ሥራው ግማሽ ነውና።

ለሐዋሳ ሕዝብም አንድ ቃል አለኝ። ፈቃዱ ቢሰጠን አደራው በእኛ ላይ ይወድቃል። በሐይቁ ዳር የምናየው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክምር ወደ ወንዶ ገነት ተራራ ከወጣ፥ ሙዚቃችን ጉሬዛውን ከሰፈሩ ካባረረው፥ ጥርጣሬ ያደረባቸው ኃላፊዎች ትክክል ነበሩ ማለት ነው። በደን ውስጥ የማደር መብት የሚጸናው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን አድሮ የሄደው ሰው፥ በማግስቱ ለሚመጣው ሰው ስፍራውን እንዳገኘው ትቶለት ሲሄድ ነው።

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤ የምንጠይቀው ብዙ በጀት የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም፤ የጥቂት ባለሙያዎች የእግር ጉዞ፥ የሁለት ክልሎች ስምምነት፥ የአንድ መስኮት መከፈት ነው። መጪው ክረምት አልፎ ጥቅምት ሲጠባ መንገዱ ይደርቃል፥ ሰማዩም ይጠራል፤ ከዚያ በፊት ቢያንስ በወንዶ ገነት በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከሩ ሦስት ቦታዎች ተመርጠው ቢገለጹ፥ አንዱን የበጋ ወራት በሙሉ ሥርዓቱን ለመፈተንና ጉድለቱን ለማረም እንችላለን። ምርጫው በሚካሄድበት ጊዜ መንገድ ለመምራት፥ ዕቃ ለመሸከም፥ የተጻፈውንም ለመገልበጥ በፈቃዳቸው የሚሰለፉ የከተማው ነዋሪዎች ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁና፥ መልሳችሁን በዚሁ በአደባባይ እንድትሰጡን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች አንዱ